አይሮፕላን በሰሜን ወሎ ጦር ሜዳ፤ ከአንቺም እስከ አሸንጌ (1922–1928 ዓ.ም.)

መግቢያ

መጋቢት 22 ቀን በአገራችን የጦር ታሪክ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። በ1922 ዓ.ም. በዚህ ቀን ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም ሜዳ ላይ ድል ሆነው ሞቱ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ ቀን የንጉሠ ነገሥቱ ጦር በማይጨው ከኢጣልያ ጦር ጋራ ገጠመ። በሁለቱም ጦርነቶች በሰማይ ላይ አይሮፕላን ነበረ። በመጀመሪያው ጊዜ አይሮፕላኑ የአዲስ አበባ መንግሥት ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ የጠላት ነበር። በቀኑ መገጣጠም ምሥጢር መፈለግ አያስፈልግም። ነገር ግን በስድስት ዓመት ውስጥ አንዱ መንግሥት ያንኑ መሣሪያ በመጀመሪያ በእጁ ይዞ፣ ኋላም በራሱ ላይ ወርዶበት ማየቱ ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ሁለት ዓይነት አነጋገር ይሰማል። አንዳንዱ «አይሮፕላንና መርዝ ባይኖር ኖሮ አንሸነፍም ነበር» ይላል። ሌላው ደግሞ «አይሮፕላን ያስደነግጣል እንጂ ጦር አይፈታም» ይላል። ሁለቱም አነጋገር ከፊል እውነት አለበት፤ ግን ሁለቱም አይሮፕላንን የሚመዝኑት በውጊያው ቀን በሠራው ሥራ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የታሰበው፣ በእነዚህ ተራሮች ላይ አይሮፕላን ከፍ ያለውን ሥራ የሠራው ሰይፍና ጠመንጃ በተገናኙበት ሰዓት ሳይሆን፣ ከውጊያው በፊትና ከውጊያው በኋላ መሆኑን ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያለው የዘመን አቈጣጠር ሁሉ የኢትዮጵያ ነው።

1. አገሩና መንገዱ

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ የአገሩን አቀማመጥ ማየት ይጠቅማል። ከደሴ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ ወደ ሐብሩ ቆላ ይወርዳል፤ መርሳን አልፎም ወልድያ ይደርሳል። ከወልድያ በኋላ አለውኃን ተሻግሮ በጎብዬና በሮቢት በኩል ወደ ቆቦ ሜዳ ይገባል። ከአላማጣ በኋላ ሜዳው ያበቃና የግራ ካሕሱ ዳገት ይጀምራል፤ በላዩ ኮረም፣ ከኮረም በስተ ሰሜን የአሸንጌ ሐይቅ፣ ከዚያም ማይጨው ይገኛሉ። ወደ ምዕራብ የሚወጣው መንገድ ደግሞ ከወልድያ ተነሥቶ በደጋው ላይ ወደ ደብረ ዘቢጥና ወደ ጋይንት ያመራል። የአንቺም ሜዳ የሚገኘው በዚሁ በደብረ ዘቢጥ አካባቢ ነው።

እንግዲህ ወልድያ የሁለት መንገዶች መገናኛ ናት ማለት ነው። ከደሴ ወደ ትግራይም ሆነ ከየጁ ወደ በጌምድር የሚዘምት ጦር ይህችን አገር ሳይነካ ማለፍ አይሆንለትም። ለእግረኛ ጦር ተራራው መሸሸጊያ፣ ገደሉም ምሽግ ነው። ነገር ግን በመርሳና በቆቦ በኩል ያለው ሜዳ ግልጥ ስለ ሆነ፣ ብዙ ሺሕ ሰውና የጭነት ከብት የሚያስነሣው አቧራ ከሩቅ ይታያል። ከላይ ለሚመለከት ሰው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይታያል። የዚህ ታሪክ ግማሹ በዚህ አቀማመጥ ውስጥ አለ።

2. አዲሱ መሣሪያና ስለ እርሱ የነበረው አሳብ

በዓለም ታሪክ በጦርነት ላይ ከአይሮፕላን ቦምብ በመጣል የመጀመሪያዎቹ ኢጣልያኖች ናቸው፤ ይህም በ1904 ዓ.ም. በሊቢያ ላይ የሆነ ነው። በ1912 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዞች በጎረቤታችን በሶማሌ አገር፣ ሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰንን ከምሽጋቸው ለማስለቀቅ ጥቂት አይሮፕላኖችን በቦምብ አሰማርተው ነበር። ስለዚህ አይሮፕላን ወደ አፍሪካ ቀንድ የመጣው ገና ከጧቱ በቅኝ ገዥነት ሥራ ነው።

በኢጣልያ የጦር ሰዎች መካከል ስለ አይሮፕላን አገልግሎት ብርቱ ክርክር ነበረ። ጄኔራል ጁልዮ ዱዌ፣ የአየር ኃይል ዋና ሥራ ከጦር ሜዳው አልፎ የጠላትን ከተማና ሕዝብ በመደብደብ ልቡን መስበር ነው ይል ነበር። አመዴዎ መኮዚ የተባለው የአየር መኰንን ግን ይህን ተቃውሞ፣ አይሮፕላን ዝቅ ብሎ በመብረር የጠላትን ጦርና ጓዙን በቦምብና በመትረየስ ማጥቃት አለበት የሚል አሳብ አቀረበ። በ1928 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ሁለቱም አሳቦች ተፈትነዋል፤ ደሴ ለመጀመሪያው፣ አሸንጌም ለሁለተኛው ምሳሌ ይሆናሉ።

በእኛ በኩል የመጀመሪያው አይሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ ሥራ፣ አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላም የጀርመኑ ዩንከርስ ተከተለው። ፖቴዝ 25 ባለ አንድ ሞተርና ባለ ድርብ ክንፍ ሆኖ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ለስለላና ለቀላል ቦምብ ጣይነት የተሠራ አይሮፕላን ነበር። ንጉሥ ተፈሪ መኰንን አይሮፕላኖቹን ሲገዙ ከጦር መሣሪያነታቸው ሌላ፣ መልእክት ሳምንታት በሚፈጅበት አገር የማዕከላዊውን መንግሥት ክንድ እንደሚያስረዝሙ ተረድተው ነበር። ይህም ማስተዋል ስምንት ወር ሳይሞላው ተፈተነ።

3. አንቺም፤ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.

ራስ ጉግሣ ወሌ የበጌምድር ገዥ፣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱም የቀድሞ ባል ነበሩ። አባታቸው ራስ ወሌ ብጡል የየጁ ገዥ ስለ ነበሩ፣ ለወልድያና ለአካባቢዋ ሰው ራስ ጉግሣ እንግዳ አልነበሩም። ከንጉሥ ተፈሪ ጋራ የነበራቸው ጥል እየከረረ ሄዶ በ1922 ዓ.ም. ወደ ግልጥ ጦርነት ደረሰ። የመንግሥቱን ጦር የመሩት የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ናቸው።

በዚህ ዘመቻ ላይ አይሮፕላን በመጀመሪያ የጣለው ቦምብ ሳይሆን ወረቀት ነው። ከውጊያው ቀናት አስቀድሞ በራስ ጉግሣ ሰፈር ላይ በተበተነው ጽሑፍ፣ ራስ ጉግሣ ዓመፀኛ መባላቸውና እርሳቸውን የሚከተል ሁሉ በቤተ ክርስቲያን ውግዘት የሚያዝ መሆኑ ተነገረ። ነገሩን በዘመኑ ሰው ልቡና እንመዝነው። ውግዘት ከጥንት የታወቀ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን እስከዚያ ጊዜ ድረስ ውግዘት የሚሰማው በዓዋጅ ነጋሪ ወይም በካህን አፍ ነበር። አሁን ግን ውግዘቱ ከሰማይ ወረደ። መኳንንቱ ደብዳቤውን አፍነው ከጭፍራቸው ሊደብቁት አልቻሉም፤ ወረቀቱ በመኰንኑም በጭፍራውም እጅ በአንድ ጊዜ ገብቷልና።

በውጊያው ቀን በፈረንሳዊው አብራሪ በአንድሬ ማዬ የሚነዳው አይሮፕላን ቦምብ ጣለ። ቦምቦቹ ትንንሾች ነበሩ፤ ከቍስሉ ይልቅ ድንጋጤው በለጠ። ውጊያውን የፈጸመው ግን የደጃዝማች ሙሉጌታ እግረኛ ጦር ነው። ራስ ጉግሣ ከጦራቸው ብዙው ሲከዳቸው ከጥቂት ሰዎች ጋራ እስከ መጨረሻው ተዋግተው በጥይት ሞቱ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 24 ቀን፣ ንግሥት ዘውዲቱ ዐረፉ፤ ንጉሥ ተፈሪም ንጉሠ ነገሥት ሆኑ።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? አይሮፕላኑ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሲሆን፣ የጣለውም ቦምብ ጥቂት ሲሆን፣ ያስገኘው ውጤት ግን ታላቅ ነበር። ውጤቱም የመጣው በአብዛኛው ከውጊያው ቀን በፊት ነው። ራስ ጉግሣ ወደ አንቺም ሲገቡ ጦራቸው አስቀድሞ በልቡ ተከፍሎ ነበር።

4. በሁለቱ ጦርነቶች መካከል

«መንግሥት የአይሮፕላንን ጥቅም በአንቺም ካየ በኋላ ለምን የአየር ኃይል አላቋቋመም?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ የማይቀር ነው። መልሱን በቸልተኝነት ብቻ መስጠት ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋራ የተፈረመው የመሣሪያ ውል ለኢትዮጵያ መሣሪያ የመግዛት መብት ቢያውቅላትም፣ አገሪቱ የራስዋ የባሕር በር ስላልነበራት ዕቃው ሁሉ የሚያልፈው በእነዚሁ መንግሥታት ግዛት ነበር። በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሲቃረብ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም ብለው ከለከሉ። ኢጣልያ መሣሪያዋን በራስዋ ፋብሪካ ስለምትሠራ ክልከላው የጐዳው ኢትዮጵያን ብቻ ነው። በዚህ ላይ የገንዘብ እጥረት፣ የአብራሪና የመካኒክ ማነስም ነበረ።

በዚህም ምክንያት ጦርነቱ ሲጀመር ኢትዮጵያ የነበሯት አይሮፕላኖች ደርዘን ያህል ሲሆኑ፣ ለውጊያ የሚበቃ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። የአየር ክፍሉን ከቺካጎ የመጣው ጥቍር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን ይመራ ነበር፤ የእርሱና የባልደረቦቹ ሥራም መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ማመላለስ ነበር። በአንጻሩ ኢጣልያ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ያመጣችው አይሮፕላን ከሦስት መቶ በላይ ነው። ከእነዚህም ውስጥ በሕዝባችን ዘንድ ስሙ የቀረው ካፕሮኒ ነው። ካፕሮኒ 133 ባለ ሦስት ሞተር ሲሆን ቦምብም፣ ጭነትም፣ ወታደርም ያመላልስ ነበር። ሮ 37 የተባለው ባለ ሁለት ሰው አይሮፕላን ደግሞ ለስለላና ዝቅ ብሎ በመትረየስ ለማጥቃት ያገለግል ነበር።

5. ከውጊያ በፊት፤ ደሴና የኮረም መንገድ

ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረች። ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር ወር መጨረሻ ገደማ ደሴ ገብተው ነበርና፣ ኅዳር 26 ቀን የኢጣልያ አይሮፕላኖች ከተማይቱን ደበደቡ። ቤቶች ተቃጠሉ፤ የአሜሪካውያን ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ አይሮፕላኖቹ ተኰሱ፤ የዚያን ጊዜ የተነሣው ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ። በዚያን ቀን በደሴ የጦር ግንባር አልነበረም፤ ግንባሩ ገና ሩቅ በትግራይ ነበር። ይህ የዱዌ አሳብ በሥራ ላይ ሲውል ነው።

በኅዳርና በጥር መካከል የአይሮፕላን ሥራ ሌላ መልክ ያዘ። ታኅሣሥ 12ና 13 ቀን በተከዜ ላይ በልዑል ራስ እምሩ ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ተጣለ። ሲ 500 ቲ የተባለው ቦምብ 280 ኪሎ ያህል ሲመዝን በውስጡ 212 ኪሎ የሚሆን የሚያቃጥል መርዝ ይይዝ ነበር፤ የተሠራውም ከመሬት በላይ በአየር ላይ ፈንድቶ መርዙን እንደ ዝናብ እንዲያዘንብ ነው። ከጥር ወር ወዲህ ደግሞ መርዙ ከአይሮፕላን ላይ በቀጥታ ይረጭ ጀመር። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር ባቀረቡት አቤቱታ፣ አይሮፕላኖቹ በመደዳ እየተከታተሉ በሰውና በከብት፣ በውኃና በሣር ላይ መርዝ መርጨታቸውን ተናግረዋል። ኢጣልያ ይህን መርዝ የሚከለክለውን የ1917 ዓ.ም. የጄኔቭ ውል ፈርማ ነበር። ነገሩን ለብዙ ዘመን ስትክድ ቆይታ፣ አንጄሎ ዴል ቦካን የመሳሰሉ የራስዋ ታሪክ ጸሐፊዎች ማስረጃውን ካወጡ በኋላ የመከላከያ ሚኒስቴርዋ በ1988 ዓ.ም. አምኗል።

የመርዙን ጭካኔ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለጦር ሥራ የነበረው ጥቅም ግን በሚገባ አልተመረመረም። የኢትዮጵያ ጦር ስንቁን የሚያመላልሰው በአህያና በበቅሎ፣ ውኃውን የሚጠጣው ከወንዝ፣ የሚሄደውም አብዛኛውን ጊዜ በባዶ እግሩ ነው። መርዙ የነካው በእነዚህ ሦስቱ ላይ ነው። የተረጨ ሣር የበላ ከብት ይሞታል፤ ከብቱ ሲሞት ስንቅ ይቀራል፤ ስንቅ ሲቀር ጦሩ ሳይዋጋ ይበተናል። ከደሴ በወልድያ በኩል ወደ ኮረም የተዘረጋው መንገድ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር የሕይወት ሥር ነበር። ግንባሩ በተዳከመ ቍጥር ይህ መንገድ ለአይሮፕላን ይበልጥ ተጋለጠ። የካቲት 25 ቀን በኮረም ሜዳ የሰፈረው፣ በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ክፍል ምልክቱ በግልጥ እየታየ ተደበደበ።

መንግሥት ስለ አይሮፕላን ለሠራዊቱ ምክር አልሰጠም ማለት አይቻልም። በዘመቻው መጀመሪያ የወጣው መመሪያ፣ ነጭ ልብስ እንዳይለበስ፣ በሜዳ ላይ በብዛት እንዳይኬድ፣ አይሮፕላን ሲመጣ ጦሩ በሸለቆና በጫካ ተበትኖ እንዲሸሸግ፣ በትንሽ በትንሽ ሆኖም እንዲዋጋ ያዝዝ ነበር። ምክሩ መልካም ነበር። ግን ጦሩ የሚኖረው መኳንንቱን ከብቦ ነው፤ ስንቁም፣ ክብሩም፣ ትእዛዙም ከመኰንኑ ድንኳን ይመጣል። ይህን ጦር በትንሽ በትንሽ መክፈል የሥራ ልምዱን ብቻ ሳይሆን ማኅበራዊ አቋሙን መለወጥ ይሆን ነበር። ለዚህ ደግሞ ጊዜ አልነበረም።

6. ከውጊያ በኋላ፤ ከአምባ አራዶም እስከ አሸንጌ

በአንቺም የመንግሥቱን ጦር የመሩት ሙሉጌታ ይገዙ፣ በ1928 ዓ.ም. ራስ ተብለው በአምባ አራዶም የሚገኘውን ጦር ያዝዙ ነበር። በየካቲት መጀመሪያ ከመድፍና ከአይሮፕላን በወረደ ብርቱ እሳት ምክንያት ቦታውን ለቀው አፈገፈጉ። በማፈግፈጉ ጊዜ ከላይ አይሮፕላን፣ ከጐን ኢጣልያኖች ያስታጠቋቸው የአዘቦ ሰዎች ስላጠቋቸው፣ በዚያው ወር ራሳቸውም ልጃቸውም ተገደሉ። ከስድስት ዓመት በፊት አይሮፕላን ረድቷቸው ድል ያደረጉት የጦር መሪ በአይሮፕላን ሥር ሲሸሹ ሞቱ። ከዚህ የበለጠ የሁለቱን ዘመናት ልዩነት የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ስለ አዘቦና ስለ ራያ ሰዎች አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ጥቃቱን ከክሕደት ጠባይ ጋራ ብቻ ማያያዝ የታሪክ ሥራ አይደለም፤ ሕዝቡም ሁሉ በነገሩ አልተባበረም። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት በዚህ አገር ላይ የቅጣት ዘመቻ ተደርጎ ነበር፤ ቂሙም አልበረደም። ጠላት በዚህ ቂም ላይ ብርና ጠመንጃ ጨመረበት። አይሮፕላኑ የሚሸሸውን ጦር ከመንገድ ያባርራል፤ ከመንገድ የወጣውን ደግሞ በተራራው ያለው ታጣቂ ያገኘዋል። አንዱ ያለ ሌላው ይህን ያህል ጥፋት ባላደረሰ ነበር።

መጋቢት 22 ቀን ሠላሳ ሺሕ ያህል የሆነው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር በማይጨው በጧት አደጋ ጣለ። ክቡር ዘበኛ በታላቅ ጀግንነት ተዋጋ፤ አንዳንድ ምሽግም ተይዞ ነበር። ቀኑን የወሰነው ግን በተመሸገ ስፍራ የነበረው የጠላት መትረየስና መድፍ፣ እንዲሁም በአብዛኛው የኤርትራ ተወላጆች የሆኑት የአስካሪዎች መከላከል ነው። አይሮፕላን በዚያ ቀን ረዳት እንጂ ዋና አልነበረም። ወገንና ጠላት እጅ ለእጅ በተያያዙበት ቦታ ከላይ ቦምብ መጣል ለራስ ጦርም አደገኛ ነውና። በማታው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተመታ እንጂ ገና አልጠፋም ነበር።

ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማፈግፈግ ሲጀመር፣ በተለይም መጋቢት 26 ቀን፣ በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ ባለው ጠባብ ሜዳ ላይ የተጨናነቀው ጦር ቀኑን ሙሉ በቦምብና በመትረየስ ተደበደበ። አንድ ወገን ሐይቅ፣ ሌላው ወገን ተራራ፣ በተራራውም ላይ ታጣቂ ነበረ። ወደ ኮረምና ወደ ቆቦ የሚወርደው መንገድም የታወቀ ስለ ሆነ አብራሪው ዒላማውን መፈለግ አላስፈለገውም። የመኮዚ አሳብ በሙሉ ኃይሉ የተፈጸመው እዚህ ነው። ጦርነት የለመደ ሕዝብ ሽንፈትን ያውቃል፤ ከሽንፈት በኋላ ተመልሶ መሰብሰብንም ያውቃል። በአሸንጌ የጠፋው ይህ የመሰብሰብ ዕድል ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ከጥቂት ሰዎች ጋራ ወደ ላሊበላ ሄደው ጸሎት አደረሱ። የኤርትራ ኮር የተባለው የጠላት ጦር ግን ከኮረም ተነሥቶ በዚሁ በወልድያ መንገድ በፍጥነት ወረደ፤ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ገባ። ይህን ጦር አይሮፕላን ስንቅ ከአየር እየጣለ ይመግበው ነበር። ስለዚህ አንዱ ጦር ስንቁ በመንገድ ሲቃጠልበት፣ ሌላው ጦር በዚያው መንገድ ስንቁ ከሰማይ ይወርድለት ነበር። በሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

7. አንድ ተጨማሪ ማስረጃ

ከነጻነት በኋላ በተደረገ አንድ ሌላ ዘመቻ ይህንኑ አስተያየት መፈተን ይቻላል። በ1936 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ የመጀመሪያው የወያኔ ዓመፅ በትግራይ በበረታ ጊዜ፣ ከዔደን የተነሡ የእንግሊዝ ብሌንሄይም አይሮፕላኖች በመንግሥት ጠያቂነት መቀሌን ደበደቡ። የተመታው ምሽግ ብቻ ሳይሆን የገበያ ከተማና ሰላማዊ ሰው ጭምር ነው። ደሴ በጠላት አይሮፕላን ከተደበደበች ስምንት ዓመት አልሞላም ነበር። እዚህም የአይሮፕላን ኃይል የታየው ከውጊያው መስመር በስተ ኋላ፣ በሰው ኑሮና በልብ ላይ ነው። መሣሪያው የማንም ቢሆን የሚያርፍበት ቦታ አልተለወጠም።

መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘረው ሲጠቃለል እንዲህ ይሆናል። በአንቺም አይሮፕላን ቃል ተሸክሞ መጥቶ ጦሩን ከውጊያው በፊት ከፈለ። በደሴና በኮረም መንገድ ስንቁን፣ ከብቱንና ሐኪሙን መታ። በአሸንጌ የተሸነፈውን ጦር የተበተነ ጦር አደረገው። በማይጨው ቀን ግን ውጊያው በአብዛኛው የእግረኛና የመድፍ ነበር። ስለዚህ «በአይሮፕላን ብቻ ተሸነፍን» ማለት በማይጨው የወደቁትን ሰዎች ተጋድሎ ያሳንሳል፤ «አይሮፕላን ምንም አይደለም» ማለት ደግሞ በአሸንጌ ዳር የቀሩትን ይረሳል።

ይህ ልዩነት ለታሪክ ጸሐፊ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። የጦርነት ታሪካችን በውጊያ ቀንና በመሪ ስም የተሞላ ነው። ግን ከመርሳ እስከ ኮረም ባለው መንገድ ላይ የነበሩት ገበሬዎች፣ አህያ ነጂዎች፣ ስንቅ አብሳይ ሴቶችና ቍስለኞች በየትኛውም የውጊያ ቀን አልተመዘገቡም፤ አይሮፕላን በብርቱ የመታው ደግሞ እነርሱን ነው። ያን ዘመን በልጅነት ያዩት ሰዎች ዛሬ ከዘጠና ዓመት በላይ ናቸው፤ በሕይወት ያሉትም በጣም ጥቂት ናቸው። ከወላጆቻቸው የሰሙት ልጆቻቸው ግን በየቀበሌው አሉ። ሰው ከአይሮፕላን የተሸሸገባቸው ዋሻዎችና ጫካዎች የትኞቹ እንደ ሆኑ፣ የትኛው ምንጭ ከመርዝ የተነሣ ለስንት ጊዜ እንደ ተተወ፣ በየትኛው ደብር ቍስለኛ እንደ ተጠለለ ጠይቆ መጻፍ ለእኛ ለተማሪዎች የቀረበ ሥራ ነው። በወልድያና በሐብሩ የተወለዱ ባልደረቦቻችን በመጪው የዕረፍት ጊዜ ከየቤታቸው ቢጀምሩት፣ የሚሰበሰበው ቃል የአንቺምንና የአሸንጌን ታሪክ ከመሬት ጀምሮ ለመጻፍ ያስችላል።